ከወሎ ሆኖ በስልክ መታከምና የመድኃኒት ማዘዣ ማግኘት፦ ከመደወል እስከ መዋጥ

ደሴ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ከደላንታ፣ ከቦረና ወይም ከላስታ ለሚነሳ ሰው ደግሞ ደሴ መድረሱ ራሱ አንድ ጉዞ ነው። ትራንስፖርቱ፣ አልጋው፣ ምግቡ፣ የአስታማሚው ወጪ ሲደመር ለአሥር ደቂቃ ምክር የሚወጣው ብር ከመድኃኒቱ ዋጋ ይበልጣል። መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ብር ያለውም የሌለውም እኩል ይቀመጣል። ስለዚህ ሐኪምን በስልክ ወይም በቪዲዮ ማማከር ለእኛ ቅንጦት አይደለም።

የምሠራው ደሴ፣ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው። በስልክ የታዘዙ ማዘዣዎች ይመጡልኛል። አንዳንዱ ሰው መድኃኒቱን ይዞ በደቂቃ ይሄዳል። አንዳንዱ ማዘዣው ስለማይነበብ፣ ማህተም ስለሌለው ወይም መድኃኒቱ በስልክ የማይታዘዝ ስለሆነ ከሩቅ መጥቶ ባዶ እጁን ይመለሳል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ አብዛኛው ቀድሞ ሊታረም የሚችል ነው። ቅደም ተከተሉን የጻፍኩት ለዚህ ነው።

1. ጉዳዩ በስልክ የሚሆን ነው?

ለስልክ የሚመቸው በአብዛኛው የታወቀ በሽታ ክትትል ነው። የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የአስም፣ የእንቅርት መድኃኒት የጀመረና መጠኑን ማስተካከል የፈለገ ሰው በስልክ ጥሩ አገልግሎት ያገኛል። የላቦራቶሪ ውጤት ማስረዳት፣ የጎንዮሽ ጉዳት መጠየቅ፣ በፎቶ የሚታይ የቆዳ ችግርም እንዲሁ።

የማይሆነውን በደንብ እወቁት። ድንገተኛ የደረት ሕመም፣ ትንፋሽ ማጠር፣ የአፍ መጣመም ወይም የአንድ ወገን መዛል፣ ራስን መሳት፣ የማያቋርጥ መንቀጥቀጥ፣ የእባብ ንክሻ ካለ ማዘዣ አትጠብቁ። ነፍሰ ጡር ላይ ደም መፍሰስ፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ከታየም እንደዚያው። ከሦስት ወር በታች የሆነ ሕፃን ሲያተኩሰው ወይም ጡት እምቢ ሲል ቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። አምቡላንስ ካልደረሰ የተገኘውን መኪና ያዙ።

ትኩሳትም ልብ ይባል። ቆቦ፣ ባቲ፣ ከሚሴ፣ ሐርቡ አካባቢ ብርድ ብርድ ያለው ሰው መጀመሪያ የሚያስፈልገው የወባ ምርመራ ነው። የትኛውም ሐኪም በድምፅ ብቻ ወባን ከታይፎይድ አይለይም። በጤና ኬላና በጤና ጣቢያ በጣት ደም የሚሠራው ፈጣን ምርመራ በደቂቃዎች ውስጥ ውጤት ይሰጣል። የወባው ዓይነት ፋልሲፓረም ነው ወይስ ቫይቫክስ የሚለውም የሚሰጠውን መድኃኒት ይለውጣል። ውጤቱን ይዛችሁ ሐኪም ብታማክሩ ግን ጥሩ ነው።

ሌላው ዳያዚፓምን፣ ፌኖባርቢታልን፣ ሞርፊንን የመሰሉ ቁጥጥር የሚደረግባቸው መድኃኒቶች ናቸው። እነዚህ የሚሰጡት በልዩ ማዘዣ ነው፤ በቴሌግራም በተላከ ፎቶ የትኛውም ሥራውን የሚያከብር መድኃኒት ቤት አይሰጥም። የሚጥል በሽታ ኖሮባችሁ ፌኖባርቢታል የምትወስዱ ከሆነ መድኃኒቱ ሳያልቅ ክትትል ወዳላችሁበት ሆስፒታል ሂዱ። ድንገት ማቋረጥ በሽታውን ይቀሰቅሰዋል።

2. ማንን እንደምታማክሩ እወቁ

ፈቃድ ያለው ተቋም የሚሰጠውን አገልግሎት ምረጡ። ሆስፒታል ሊሆን ይችላል፣ ክሊኒክ ሊሆን ይችላል፣ የስልክ ሕክምና ድርጅት ሊሆን ይችላል። ሁሌ የምትታከሙበት ሐኪም በስልክ የሚያማክር ከሆነ ግን ከሁሉም እሱ ይሻላል። ካርዳችሁ እሱ ጋ ነው፤ መልካችሁንም ያውቃል።

ከመክፈል በፊት አራት ነገር ጠይቁ። የሐኪሙ ሙሉ ስምና ሙያ ምንድን ነው? የሙያ ፈቃድ ቁጥር ማዘዣው ላይ ይሰፍራል? ማዘዣው የተቋሙ ማህተም ይኖረዋል? መድኃኒቱን ጀምሬ ጥያቄ ቢኖረኝ ድጋሚ እከፍላለሁ? እነዚህን ሲጠየቅ የሚቆጣ ወይም የሚያድበሰብስ ካለ ተዉት።

ክፍያ በቴሌብር ወይም በሲቢኢ ብር ሲሆን በተቋሙ ስም መሆኑን አረጋግጡ፤ የማረጋገጫውን መልእክትም አታጥፉ። በቲክቶክና በቴሌግራም "ዶክተር ነኝ" ብሎ በሽታውን በሁለት ጥያቄ ለይቶ፣ መድኃኒቱንም ራሱ በፖስታ የሚልክ ሰው ግን ነጋዴ ነው። ስንት ሰው የጨጓራና የሪህ "ልዩ መድኃኒት" እየተባለ ገንዘቡን ከሰጠ በኋላ ነው ወደ እኛ የሚመጣው።

ቋንቋም ጠይቁ። ከሚሴ ያለች እናት በአፋን ኦሮሞ፣ ሰቆጣ ያለ አባት በኽምጣና ቢያስረዱ ይቀላቸዋል። እንዲህ ያለ ሐኪም ካልተገኘ የሚያስተረጉመው ሰው ማን እንደሆነ አስቡበት። አንዲት ሴት ስለ ማህፀኗ በወንድ ልጇ አፍ እንድታወራ አታስገድዷት።

ሕመሙ ምን ያህል አጣዳፊ እንደሆነ ብቻ ለማወቅ ከፈለጋችሁ በ952 የጤና ሚኒስቴር ነፃ መስመር መጠየቅ ይቻላል።

3. መድኃኒት ቤቱን ከሐኪሙ በፊት አናግሩ

ሰው ሁሉ ይህን መጨረሻ ላይ ያደርገዋል። እኔ ደግሞ መጀመሪያ ይሁን ባይ ነኝ። በአቅራቢያችሁ ወዳለ መድኃኒት ቤት ጎራ በሉና እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ "በስልክ የታከመ ሰው ማዘዣ ትቀበላላችሁ? ፎቶው ይበቃል ወይስ ታትሞ ይምጣ? ሐኪሙን ደውላችሁ ታጣራላችሁ?" አንዱ ቤት ማህተም ያለበትን የታተመ ወረቀት ብቻ ይቀበላል። ሌላው ሐኪሙን ደውሎ ካረጋገጠ በኋላ ይሰጣል። ዋናውን ወረቀት ካላየሁ የሚልም አለ። አትቀየሙት። ለሚሰጠው መድኃኒት በሕግ ተጠያቂ ነው።

የመድኃኒት ቤቱን ደረጃም ጠይቁ። ፋርማሲ፣ መድኃኒት መደብር እና የገጠር መድኃኒት ቤት አንድ አይደሉም። የገጠሩ መድኃኒት ቤት እንዲይዝ የተፈቀደለት የመድኃኒት ዓይነት ጥቂት ነው። ስለዚህ ወገል ጤና ወይም አቀስታ ያለ ሰው ሐኪሙ የሚያዝለት መድኃኒት ደሴ ወይም ወልድያ ብቻ የሚገኝ ሊሆን ይችላል። ይህን ቀድማችሁ ካወቃችሁ ሐኪሙን "እዚህ የሚገኘው ይህና ይህ ነው፤ ከእነሱ የሚሆን አለ?" ማለት ትችላላችሁ። ብዙ ጊዜ አለ።

የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆናችሁ ሌላ ሐሳብ አለኝ። ተሁለደሬ በ2003 ዓ.ም. መድኑ በሙከራ ከተጀመረባቸው 13 ወረዳዎች አንዷ ናት፤ ዛሬ በየቀበሌው የአባልነት ደብተር ያለው ብዙ ነው። መድኑ የሚሠራው ግን ውል ባለባቸው ተቋማት፣ ሪፈሩን፣ ማለትም ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል የሚላክበትን ቅደም ተከተል፣ ጠብቆ ሲኬድ ነው። በስልክ የታዘዘ ማዘዣ ይዛችሁ ከግል መድኃኒት ቤት ስትገዙ ከኪሳችሁ ነው የምትከፍሉት። ስለዚህ የስልኩን ሐኪም ምክር በጽሑፍ ተቀብላችሁ ወደ ጤና ጣቢያችሁ ውሰዱት። እዚያ ያለው ሐኪም ወይም ጤና መኮንን መርምሯችሁ ከተስማማበት በተቋሙ ማዘዣ ይጽፍላችኋል። መድኃኒቱ ካለ በደብተራችሁ ታገኙታላችሁ።

4. መረጃችሁን በወረቀት አዘጋጁ

ሐኪሙ እጃችሁን አይዝም፣ ደረታችሁን አያዳምጥም። ያለው የምትነግሩት ብቻ ነው። "ያቺ ነጭ ክኒን" አይበቃውም። ነጭ ክኒን መቶ ዓይነት ነው።

የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ጠረጴዛ ላይ አውጡ። ክኒኖቹ የታሸጉበትን ስትሪፕ በቀን ብርሃን ፎቶ አንሱት፤ ስሙ፣ ሚሊግራሙና ጊዜው የሚያበቃበት ቀን ይነበብ። አንድ ነገር ላስጠንቅቅ፦ ስትሪፑ ላይ ያለው ዓመት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። 2025 የሚል አይቶ "ገና ሰባት ዓመት አለው" ብሎ የሚያስብ ሰው አለ። የፈረንጆቹ 2025 ግን በእኛ አቆጣጠር 2018 ታኅሣሥ ላይ አልቋል። እርግጠኛ ካልሆናችሁ መድኃኒት ቤት አሳዩ።

የባህል መድኃኒቱንም ጻፉ። ጥቁር አዝሙድ፣ ዳማከሴ፣ ፌጦ፣ ኮሶ፣ ከደብተራ ወይም ከሼህ የተሰጠ ሥር ካለ ደብቁ ብሎ ማንም አላዘዛችሁም። ሐኪሙ ሊሰድባችሁ አይገባም። አንዳንዱ ከታዘዘው መድኃኒት ጋር ስለማይስማማ ማወቅ አለበት። ጫትም እንዲሁ፤ ግፊትን ከፍ ያደርጋል።

የግፊት ታማሚ ከሆናችሁ ከጥሪው በፊት ለሦስት ቀን ጠዋትና ማታ ተለኩ። አለካኩን ብዙ ሰው ስለሚሳሳት ዘርዘር ላድርገው። ቡና ከጠጣችሁ፣ ጫት ከቃማችሁ ወይም ዳገት ከወጣችሁ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። አቦል ጠጥቶ፣ ቶናው እስኪመጣ ክንዱን ለመለኪያው የሚዘረጋ ሰው ቁጥሩ ሐኪሙን ያሳስተዋል። ሽንት ካላችሁ ቀድማችሁ ሽኑ። ጀርባችሁን አስደግፋችሁ፣ እግራችሁን ሳታነባብሩ፣ መሬት አስረግጣችሁ አምስት ደቂቃ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። ክንዳችሁ ጠረጴዛ ላይ፣ ከልባችሁ ትይዩ ይሁን። መጠቅለያው በባዶ ክንድ ላይ እንጂ በሹራብ ላይ አይታሰርም። ስትለኩ አታውሩ። ከአንድ ደቂቃ በኋላ ድገሙና ሁለቱንም ጻፉ። መለኪያ ቤት ከሌለ ጤና ኬላ ወይም መድኃኒት ቤት ሄዳችሁ ተለኩ፤ እዚያም ቢሆን ቁጭ ብላችሁ አረፍ በሉ።

ለልጅ የሚታዘዝ ከሆነ ክብደቱ የግድ ነው። የልጅ መድኃኒት በኪሎ ይሰላል። የሕፃን ሚዛን ከሌለ እናቲቱ ልጁን ይዛ ትመዘን፣ ከዚያ ብቻዋን ትመዘን፤ ልዩነቱ የልጁ ክብደት ነው።

የቆዳ ችግር ከሆነ ፎቶውን ከቤት ውጭ፣ ጥላ ሥር፣ ያለ ፍላሽ አንሱ። አንድ ከራቅ ብሎ፣ አንድ ከቅርብ። መጠኑ እንዲታወቅ አጠገቡ የአንድ ብር ሳንቲም አስቀምጡ። ነጣ ወይም ቀላ ያለና ሲነኩት የማይሰማ ምልክት ከሆነ ግን ፎቶ መላክ ትታችሁ ሂዱና ታዩ፤ ሥጋ ደዌ ሊሆን ይችላል። በጊዜ ከተያዘ በመድኃኒት ይድናል። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በዚህ የቆየ ልምድ ያለው ለደሴ ቅርብ ቦታ ነው።

መልእክቱን እንዲህ አጠር አድርጋችሁ ብትልኩት ሐኪሙ ያመሰግናችኋል፦

"ሴት፣ 58 ዓመት፣ 64 ኪሎ። ሐይቅ ነው ያለችው። ግፊት ከተገኘባት 6 ዓመቷ። ስኳር የለባትም። አምሎዲፒን 5 ሚሊግራም ጠዋት አንድ ትወስድ ነበር፤ ካለቀ 4 ቀን ሆኖታል። የሦስት ቀን ልኬት 158/94፣ 162/96፣ 155/92። ራስ ምታት አላት። የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ እብጠት የለም። ፔኒሲሊን አይስማማትም። ለጉልበቷ ዳይክሎፌናክ ትወስዳለች። እየጾመች ነው።"

እዚህ ውስጥ ሐኪሙ ወዲያው የሚይዘው ዳይክሎፌናክን ነው። የጉልበት ማስታገሻው ግፊት ይጨምራል፣ ጨጓራና ኩላሊትም ይጎዳል። ሳይነገረው ቢቀር የግፊቷን መድኃኒት ብቻ ከፍ ያደርግ ነበር።

ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ልትሆን የምትችል ወይም የምታጠባ ሴት ይህንን ከሁሉም አስቀድማ ትናገር። እንደ ኢናላፕሪል ያሉ የግፊት መድኃኒቶች ጽንስ ይጎዳሉ።

5. ጥሪው

ሰዓቱን ሁለቴ አረጋግጡ። "3 ሰዓት" ሲባል በእኛ ነው ወይስ በፈረንጅ? ሐኪሙ ውጭ አገር ከሆነ ይህ ቀጠሮ ያስመልጣል። ስልኩን ቻርጅ አድርጉ፤ መብራት የምትጠፋው በዚያች ሰዓት ነው። ዳታ ካስቸገረ ቪዲዮውን ትታችሁ በተራ ድምፅ ጥሪ ቀጥሉ፤ የመድኃኒቱን ስም በአጭር የጽሑፍ መልእክት እንዲልክላችሁ ጠይቁ።

ጎረቤት ለቡና በተሰበሰበበት ቤት ስልኩን በላውድ አታድርጉት። በሽተኛው ብቻውን ወይም ከመረጠው ሰው ጋር ይሁን።

ጥሩ ሐኪም ይጠይቃል። መቼ ጀመረ፣ ምን ያባብሰዋል፣ ሌላ ምን ትወስጃለሽ፣ አለርጂ አለሽ ወይ ይላል። ሳይጠይቅ የሚያዝ ሐኪም ሲገጥማችሁ ማዘዣውን ይዛችሁ ወደ መድኃኒት ቤት አትሩጡ። "ይህን በስልክ ማዘዝ አልችልም፤ ሄዳችሁ ታዩ" ያላችሁ ደግሞ ገንዘባችሁን አልበላም። ምናልባት ከሁሉም የሚበልጠውን ምክር የሰጣችሁ እሱ ነው።

ለጉንፋንና ለቀላል ሳል አሞክሳሲሊን ይታዘዝልኝ ብላችሁ አትጫኑት። ጉንፋን የሚመጣው በቫይረስ ነው፤ አንቲባዮቲክ አይነካውም። ዛሬ ያለቦታው የተዋጠው መድኃኒት ነገ በእውነት ሲያስፈልግ ላይሠራ ይችላል። ይህን ነገር በየቀኑ ባንኮኒው ላይ እከራከርበታለሁ፤ አይሰለቸኝም።

ስልኩን ከመዝጋታችሁ በፊት መልሳችሁ ንገሩት፦ "ዶክተር፣ አምሎዲፒን 5 ሚሊግራም፣ ጠዋት አንድ፣ ለአንድ ወር። ዳይክሎፌናክን አቆማለሁ። ልክ ነኝ?" ስሙ ካልገባችሁ በፊደል ያስቆጥሯችሁ። ድምፃቸው የሚመሳሰል፣ ሥራቸው የሚለያይ መድኃኒቶች አሉ። የትኛው ምልክት ሲታይ ወዲያው ሐኪም ጋ መሄድ እንዳለባችሁም ጠይቁ።

6. ማዘዣው ሲደርሳችሁ

የታማሚው ሙሉ ስም፣ ዕድሜ፣ ፆታ፣ ለልጅ ከሆነ ክብደት፤ ቀን፤ የመድኃኒቱ ስም፣ ጥንካሬው (ሚሊግራሙ)፣ ዓይነቱ (ክኒን ነው ወይስ ሽሮፕ)፣ አወሳሰዱ፣ ለስንት ቀን እንደሆነና ብዛቱ፤ የሐኪሙ ስም፣ ሙያ፣ የምዝገባ ቁጥርና ፊርማ፤ የተቋሙ ማህተም። እነዚህ መኖራቸውን እዩ። አንዱ ከጎደለ ያኔውኑ መልሳችሁ ጻፉለት። ሐኪሙ ከስልኩ አጠገብ ሳለ ማስተካከል ቀላል ነው፤ ማታ ግን አታገኙትም። የሐኪሙን ወይም የተቋሙን ስልክ ቁጥር ያዙ፤ ፋርማሲስቱ ሊደውል ይችላል።

በስሙ ላይ ጥንቃቄ አድርጉ። ካርዱ ላይ ያለው ስም፣ መታወቂያው ላይ ያለውና ቤት የምትጠሩበት የተለያየ ከሆነ የመታወቂያውን ተጠቀሙ።

በስልክ የመጣውን ፋይል ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዳችሁ አሳትሙት። አትሞ ከሰጣችሁ በኋላ ከኮምፒዩተራቸው እንዲያጠፉት ንገሯቸው፤ የጤና ጉዳያችሁ ነው። መድኃኒት ቤቱ ወረቀቱን ሊያስቀረው ስለሚችል ቀድማችሁ ፎቶ አንሱት። ቀኑ ሳይርቅም ውሰዱት።

7. ባንኮኒው ላይ

ሁለት ነገር አድርጉ። የተሰጣችሁን ስትሪፕ ከማዘዣው ጋር አስተያዩ፤ ስሙም ሚሊግራሙም አንድ ይሁን። ከዚያ አወሳሰዱን በራሳችሁ ቋንቋ ካርቶኑ ላይ አስጽፉ። ማዘዣ ላይ "ቢአይዲ" የሚለው በቀን ሁለቴ፣ "ቲአይዲ" በቀን ሦስቴ ነው። ሁለቴ ማለት ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት እንጂ ጠዋትና ምሳ አይደለም። የሽሮፕ "አንድ የሻይ ማንኪያ" 5 ሚሊ ሊትር ነው፤ የቤት ማንኪያ መጠኑ ስለሚለያይ ከሽሮፑ ጋር የመጣውን መለኪያ ወይም መርፌ የሌለውን ሲሪንጅ ተጠቀሙ።

የታዘዘው ከሌለ ፋርማሲስቱ በሌላ ፋብሪካ የተሠራ ተመሳሳይ ሊሰጣችሁ ይችላል፤ የውስጡ ስምና መጠን አንድ እስከሆነ ድረስ ችግር የለውም። ሌላ መድኃኒት መቀየር ግን ሐኪሙን ጠይቆ ነው። ከግል ቤት ከመፈለጋችሁ በፊት የሆስፒታሉንና የቀይ መስቀልን መድኃኒት ቤት ሞክሩ፤ ዋጋቸው ሻል ይላል።

ኢንሱሊን ከሆነ መንገዱን አስቡበት። ያልተከፈተ ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ ይቀመጣል፤ መቀዝቀዝ እንጂ በረዶ መሆን የለበትም። በረዶ የነካው ኢንሱሊን ይበላሻል። ስለዚህ በበረዶውና በብልቃጡ መሀል ፎጣ አድርጉ። ከደሴ ወደ ቆቦ ሲላክ መኪናው ዳሽቦርድ ላይ እንዳይቀመጥ ለሾፌሩ ንገሩት። ቤት ውስጥ ፍሪጅ ከሌለ በውኃ የረጠበ አሸዋ ባለበት ትልቅ ሸክላ ውስጥ ትንሽ ሸክላ አስቀምጣችሁ፣ ብልቃጡን ላስቲክ ውስጥ አድርጋችሁ፣ ጥላ ሥር ማኖር ይቻላል። የተከፈተው ከ30 ዲግሪ በታች በሆነ ቦታ አራት ሳምንት ገደማ ይቆያል፤ የከፈታችሁበትን ቀን ጻፉበት።

የተጠራጠራችሁት መድኃኒት ካለ፣ ለምሳሌ ማሸጊያው የተፈታ ወይም ጽሑፉ የተሰረዘ፣ አትዋጡት። ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ8482 በነፃ መናገር ይቻላል።

8. ጾምና መድኃኒት

ይህ በወሎ ከሁሉም የሚረሳው ጥያቄ ነው። ሐኪሙ አይጠይቅ ይሆናል፤ እናንተ ንገሩት። ሜትፎርሚን የሚባለው የስኳር ክኒን ከምግብ ጋር ሲሆን ሆድ ብዙም አያስቸግርም። ዘጠኝ ሰዓት ድረስ የሚጾም ክርስቲያን ጠዋት በባዶ ሆዱ ከዋጠው ግን ይረብሸዋል። በረመዳን ሱሁር ላይና ሲያፈጥሩ መውሰድ የሚቻል መድኃኒት ብዙ ነው፤ በቀን አንዴ የሚወሰድ የግፊት መድኃኒት ለምሳሌ ያለ ችግር ይዛወራል። ኢንሱሊንና ግሊቤንክላማይድ የሚባለው ሌላው የስኳር ክኒን ግን አደገኛ ናቸው፤ ሳይበሉ ከወሰዷቸው ስኳር በጣም ይወርዳል። ላብ ላብ ካላችሁ፣ ከተንቀጠቀጣችሁ፣ ግራ ከገባችሁ ጾሙን ትታችሁ ስኳር ያለው ነገር ቅመሱ። ራስን ለማዳን ጾም መፍታትን የእምነት አባቶችም ኡለማዎችም አይቃወሙም። ከጾሙ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ ሐኪሙን ደውሉለት። መስከረም 21 ለግሸን የምትወጡም መድኃኒታችሁን በላብ በማይርስ ነገር ጠቅልላችሁ ያዙ።

9. ከአረብ አገር የሚላክ መድኃኒት

ብዙ ቤት ልጅ ጅዳ ወይም ሪያድ አለች። እናቷን ከዚያ ሆና ለማሳከም ትጥራለች፤ ሐኪም ታናግራለች፣ ትከፍላለች፣ አንዳንዴም መድኃኒት ገዝታ በሰው ትልካለች። የልጅ ፍቅር ነውና ይመስገን። ግን እኅቶቼ፣ ሐኪሙ እናታችሁን ራሷን ያናግር። እናንተ በሩቅ ሆናችሁ የምታውቁት ትናንት በስልክ የነገረቻችሁን ብቻ ነው። መድኃኒት ከመላካችሁ በፊትም የውስጡን ስም ለሐኪሙ ላኩለት። እዚያ ያለው የንግድ ስም እዚህ ላይታወቅ ይችላል፤ ባለማወቅ አንድ ዓይነት መድኃኒት በሁለት ስም የሚወስዱ እናቶች አይቻለሁ። ደግሞ ሲያልቅ እዚህ ካልተገኘ ሕክምናው ይቋረጣል። በገንዘቡ እዚሁ ተገዝቶ ሊቀጥል የሚችለውን ማስጀመር ይሻላል።

10. ከጀመራችሁ በኋላ

አምሎዲፒን ቁርጭምጭሚት ሊያሳብጥ ይችላል። ኢናላፕሪል ደረቅ ሳል ያመጣል፤ ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ ግን ያኔውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። ሜትፎርሚን መጀመሪያ ላይ ሆድ ያላላል፤ አብዛኛው ሰው ላይ በጊዜ ይተዋል። ሳላችሁ ስላስቸገራችሁ ብቻ በራሳችሁ አታቁሙ። ሐኪሙን ንገሩት፣ ይቀይርላችኋል። ኢናላፕሪል የጀመረ ሰው በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ የኩላሊትና የፖታሲየም ምርመራ ያስፈልገዋል። በስልክ ብቻ የታከመ ሰው ይህችን ምርመራ ይረሳታል። ወልድያ፣ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ለገበያ የምትመጡበትን ቀን ለይታችሁ በዚያው ተመርመሩ፤ ውጤቱን ፎቶ አንስታችሁ ለሐኪሙ ላኩለት።

የሚቀጥለውን ማዘዣ መድኃኒቱ ሊያልቅ አሥር ቀን ሲቀረው ጠይቁ። ኔትወርክ ሊጠፋ ይችላል፣ መንገድ ሊዘጋ ይችላል፣ መድኃኒቱ ከገበያ ሊጠፋ ይችላል። በቀን አንድ ክኒን የምትወስዱ ከሆነ ስትሪፑ ላይ አሥር ፍሬ ሲቀር የምትደውሉበት ቀን ነው።